የሀቢቡ ሳል

እማማ ሀጀራ ያረፉት ሊነጋጋ ሲል ነው። ፀሐይ ወጣ ብላ የቡታጅራ ባጃጆች መንጫጫት ሲጀምሩ ሃሊማ ግቢዋ ውስጥ ሸራ ዘርግታ በርበሬ ታሰጣ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ቀና ብትል ሀቢቡ ነው። የእማማ ሀጀራ አንድ ልጅ፣ ባንዲራና ጨርቅ ነጋዴው፣ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሀቢቡ። ከዚያ ከኮሮናው ክረምት ወዲህ ይህችን በር ረግጧት አያውቅም። በምን ዐይኑ ይረግጣታል!

እናቴ አረፈች አላት። ሃሊማ «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው፣ እማማ ሀጀራን ትወዳቸው ነበር። ሀቢቡ ግን አልሄደም። ቆቡን ከራሱ አውልቆ መልሶ አደረገው። ከዚያ እየተቆራረጠ ነገራት። እናቱ ከመሞታቸው በፊት ተናዝዘዋል፤ ገላዬን ከሃሊማ በቀር ማንም እንዳይነካው ብለዋል። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ የሙት ቃል ነው፣ ጀናዛ ደግሞ አይቆይም፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በፊት መቀበር አለባቸው።

ሃሊማ የጨበጠችውን በርበሬ ሸራው ላይ በተነችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እሰይ! አለች በሆዷ። ሰው ሞቶ እሰይ አይባልም፤ እሷም ለሟቿ አይደለም ያለችው። በሩን ይዞ ለቆመው ነው። እግሩ ራሱ አምጥቶ እደጇ ላይ የጣለላት ለዚህ ሰው ነው።

ቂሙን ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ያኔ በዚያ ሰፈር የሴት ጀናዛ የምታጥበው ሃሊማ ነበረች። ንግዷ በርበሬ ነው፤ ከእንሴኖ ገበያ ትገዛለች፣ አድርቃ ቡታጅራ ላይ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላ የቀረቻት አንዲት ልጅ ነበረች፣ ናጃህ። ናጃህ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖረች፤ በረኪና ስታሸት ውላ ስታድር ደረቷ ደክሞ ነበር። ኮሮና የገባ ሰሞን ሻንጣዋን እንኳ ሳታነሳ፣ በለበሰችው ልብስ አሠሪዎቿ ወደ ሀገሯ ላኳት። ጉብሬ አጠገብ ለይቶ ማቆያ ገባች፣ ተመረመረች፣ ነጻ ነሽ ተባለች፣ በሚኒባስ ተሳፍራ እናቷ ዘንድ መጣች።

ሀቢቡ ያን ሰሞን ነግሦ ነበር። ባጃጅ ላይ ባንዲራ አስሮ፣ ሜጋፎን ጨብጦ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሰፈሩን ሲያደነቁር ይውላል። ይህ በሽታ የሀበሻ አይደለም ይላል። ሀገራችን ንጹሕ ናት፣ ደማችን ጠንካራ ነው፣ ነጩንና አረቡን የጣለ ነገር እኛን አይደፍርም፣ የሚያመጡብን ከውጭ የሚመጡት ናቸውና እነሱን ጠብቁ ይላል። ጭንብል ማድረግም ለእሱ ፈሪነት ነው፤ ኢትዮጵያዊ አፉን አይሸፍንም ይላል። ሰዉም ወደደለት። መውደድ ብቻ! ሲያልፍ ያጨበጭቡለት ነበር። ስለ ራሱ እንዲህ ሲባልለት ማን ይጠላል? በሽታው የሌላ ሰው ነው ከመባል የበለጠ መድኃኒት በገበያው አልነበረም።

ናጃህ በገባች በማግስቱ ሀቢቡ ኮሚቴውን አስከትሎ መጣ። ከሱቁ ያመጣውን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን በግቢው በር ላይ ከዳር እስከ ዳር ወጠረና፣ ይህን ያለፈ ሀገሩን የከዳ ነው አለ። ናጃህ የምርመራ ውጤት አለኝ ብትለው ውጤትሽን ጅዳ ላኪው ብሎ አሳቀባት። ከዚያ ራሱ ሪባኑን ዘሎ ገባና፣ ወደ ፊቷ ተጠግቶ ከዚህ ግቢ እንዳትወጪ እያለ ሲጮህ ሳል አፈነው። ጎንበስ ብሎ ሳለ፣ እንደገና ሳለ፣ ዐይኑ እንባ አቀረረ። በርበሬ በሸራው ላይ ተሰጥቶ ነበር። «ይሄ በርበሬሽ ሊገድለኝ ነው» አላት ለሃሊማ።

እና ሃሊማ፣ ያቺ የዋህ ሃሊማ፣ አመነችው! ይቅርታ ጠይቃው ሸራውን ጠቀለለች። ናጃህን ውሃ አምጪለት አለቻት። ናጃህ በኩባያ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠችው፤ ሀቢቡ ተቀብሎ መሬት ላይ ደፋው። ሃሊማ ስንት ጊዜ ያንን ውሃ አስታውሳ ጥርሷን ነከሰች። ወላሂ፣ በውሃው አይደለም። ልጇን በራሷ ትእዛዝ ወደ ሳሉ ማስጠጋቷ ነው አንጀቷን የሚያሳርረው።

ሳምንቱ ሳይሞላ ናጃህ ተኛች። ትንፋሽ አጠራት። ሪባኑን አልፎ የሚጠይቃት ጎረቤት ጠፋ። አምቡላንሱ ሲጠበቅ ሲጠበቅ እናቷ እቅፍ ውስጥ ሞተች። ሃሊማ የስንቱን ልጅ እንዳላጠበች፣ የራሷን ልታጥብ ውሃ ስታሞቅ ሀቢቡ በሩ ላይ ቆሞ ከለከለ። ከውጭ የመጣ በሽታ በሰፈራችን ውሃ አይታጠብም አለ። ተየሙም ላድርግላት፣ እጄን አፈር ላይ መትቼ ፊቷን ብቻ ልዳብስ ብላ ለመነች፤ እሱንም ከለከለ። የሰፈሩ መቃብርም ተዘጋባት። ነጭ ልብስ የለበሱ የማታውቃቸው ሰዎች በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከወንዙ ማዶ ድንጋይ የሚፈለጥበት ሜዳ ላይ ቀበሯት። ሼህ ዑመይር፣ የመስጊዱ ኢማም፣ ያን ቀን ዝም አሉ። ሰዉም ዝም አለ። ሀቢቡ ሀገሩን ከመጤ በሽታ ስለተከላከለ ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ እስከ ዛሬ ሱቁ ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል።

ሃሊማ ከዚያ በኋላ ጀናዛ ማጠብ ተወች። ልጄ ባልታጠበችበት ሰፈር እጄ ውሃ አይነካም አለች።

ባለፈው ረመዳን ግን እማማ ሀጀራ አስጠሯት። አልጋ ይዘው ነበር። ሼህ ዑመይርም አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። አሮጊቷ እጇን ይዘው፣ ሆዳቸው ውስጥ ሲፈጃቸው የኖረውን አወጡት። ሀቢቡ ያን ጊዜ ከመርካቶ ባንዲራ ጭኖ ሲመለስ ትኩሳት ይዞት ነበር። ሌሊቱን ሲስል ያድራል፤ እሳቸው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያፈሉለታል። እባክህ ልጄ ተኛ፣ ሰው ዘንድ አትሂድ ቢሉት፣ እኔ ታመምኩ ከተባለ ሰዉ ምን ይለኛል፣ ይሄ እኮ የሀበሻ በሽታ አይደለም እያልኩ ነው ብሎ ወጣ። የወጣው ወደ ሃሊማ ግቢ ነው። እማማ ሀጀራ ይህን አውቀው ልጃቸው እንዳይዋረድ አፋቸውን ዘጉ። አሁን ግን አላህ ፊት ልቀርብ ነው፣ በዚህ አፍ አልቀርብም አሉ። ከዚያ አደራቸውን ነገሯት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሃሊማ የምትጠብቀው አንድ ነገር ነው። ሀቢቡ በዚያ ሰፈር ሕዝብ ፊት፣ በራሱ አፍ፣ ናጃህን የገደለው የእሱ ሳል መሆኑን እንዲናገር።

እና አሁን ይኸው ቆሟል።

«እናትህን አጥባቸዋለሁ» አለችው። «አንድ ነገር ግን ታደርጋለህ። ከሶላቱ በፊት ሕዝቡን አውፍ በሉ፣ ይቅር በሉ ስትል፣ በዚያችው በሜጋፎንህ፣ ያን ቀን ግቢዬ ስትመጣ ታመህ እንደነበር ትናገራለህ። ናጃህ አላመጣችውም፣ እኔ ነኝ ያመጣሁባት ትላለህ።»

ሀቢቡ ፊቱ ተለዋወጠ። ማነው እንዲህ ያለሽ አለ። ያን ቀን ያስነጠሰኝም ያሳለኝም ያንቺው በርበሬ ነው፣ ስንት ሰው አይቷል አለ።

ሃሊማ ወደ ሸራው በእጇ አመለከተች።

«በርበሬው ዛሬም ተሰጥቷል፣ ሀቢቡ። አንተም ከቆምክ ቆየህ። ለምን አትስልም?»

ሀቢቡ ዞሮ ሄደ፤ በሩን ሲወረውረው አጥሩ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ሰፈሩ አይረሳውም። ሀቢቡ ሚስቱን ፈትሂያን ሌላ አጣቢ ፈልጊ ብሎ ላካት። ፈትሂያ ከቤት ቤት ዞረች። ሴቶቹ ግን ኑዛዜውን ሰምተዋል፤ የሙት ቃል ጥሰን አላህ ፊት ምን እንላለን እያሉ መለሷት። ደፋር ደፋሮቹማ፣ ባልሽ ያኔ ሪባን የወጠረባት ሴት አይደለችም ወይ፣ ሄዶ ይለምናት አሏት። ሰው ሲተባበር ማየት እንዴት ያበሳጫል! ለናጃህ ቢተባበሩ ኖሮ ምን ነበረበት? ሃሊማ ይህን ሁሉ ስትሰማ አልተደሰተችም። ዛሬ ኑዛዜ ያስፈራቸው ሴቶች ያኔ ሪባን ፈርተው እንደተቀመጡ አልጠፋትም። የእነሱም ዕዳ ሆዷ ውስጥ ተቀምጧል፤ ግን ዛሬ ተራው የሀቢቡ ነው።

ሼህ ዑመይር ሽማግሌ ይዘው መጡ። ሬሳው ፀሐይ ይመታዋል፣ አንቺም ትጠየቂበታለሽ አሏት። ልክ ነበሩ፤ እሷም ይህን ታውቃለች። እማማ ሀጀራ ያንን ሁሉ ዘመን እንደ ልጃቸው አቅፈዋት ኖረው፣ አሁን ሳይታጠቡ ማቆየት ምንድን ነው? ግን አልተበገረችም። ሀቢቡ እሺ ይበል፣ እጄ ውሃው ውስጥ ነው አለች። ሼሁም መልሰው ወደ ሀቢቡ ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ራሱ መጣ። መሬት መሬት እያየ እሺ አለ። እናገራለሁ፣ ወላሂ እናገራለሁ አለ። ሃሊማ ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችው።

እማማ ሀጀራ በቀጭን ሻሽ ተሸፍነው ተጋድመዋል። ፈትሂያ ለብ ያለ ውሃ ታፈሳለች፣ ሃሊማ ታጥባለች። ከስንት ጊዜ በኋላ እጇ ሥራውን አልረሳውም ነበር። ቀኝ ጎናቸውን አጠበች፣ ግራ ጎናቸውን አጠበች፣ ነጭ ፀጉራቸውን በጣቷ ፈታች። ይህን ሁሉ ለናጃህ አልሠራችላትም። አንድ ጊዜ እንባዋ መጣና በክንዷ ጠረገችው፤ እንባ ጀናዛ ላይ አይወድቅም።

ያቺ ሌላዋ አደራ በሐሳቧ መጣች። እማማ ሀጀራ በሼሁ ፊት ያሏት እንዲህ ነበር። እንዲናገር ጠይቂው፤ የመቃብሬን ነገር ግን አትንገሪው። ልጄ በሕዝብ ፊት እውነቱን ከተናገረ ከአባቱ አጠገብ ቅበሩኝ። ካልተናገረ ከወንዙ ማዶ ከናጃህ ጎን አስተኙኝ፣ እሷን ያስቀመጠበት ቦታ እኔም ልቀመጥ። ተናገረ፣ አልተናገረም ብላ የምትፈርደው ሃሊማ ናት። እንዲህ ነበር ያሉት።

ሃሊማ ከፈኑን ስትጠቀልል አንድ ነገር ስትመኝ ራሷን አገኘችው። እንዲዋሽ ነበር የተመኘችው። አላህ ይቅር ይበለኝ አለች፣ ግን ምኞቱ አልወጣላትም።

ጀናዛው መስጊዱ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ ከእንሴኖ ሳይቀር መጥቷል፤ የሀቢቡ እናት ናቸዋ። ወንዶቹ ተሰለፉ፣ ሴቶቹ በአጥሩ በኩል ቆሙ። ወጉ እንደሆነ ከሶላቱ በፊት የሟች ቤተሰብ ይናገራል፤ በሟች ላይ መብት ያለው ካለ ወደ እኔ ይምጣ፣ ያስቀየመቻችሁም አውፍ በሏት ይላል። ሀቢቡ ሜጋፎኑን ይዞ ወጣ። ያች የታወቀች ድምፁ ሜዳውን ሞላችው። እናቴ ደግ ነበረች፣ አውፍ በሏት አለ። ሕዝቡ አውፍ ብለናል አለ። ሀቢቡ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በዚያ በክፉ ዘመን ደግሞ» አለ፣ «ለሀገር ስንል፣ ለወገን ስንል፣ ሁላችንም በሠራነው ሥራ ሳናውቅ ያስቀየምነው ሰው ካለ፣ እኔንም አውፍ በሉኝ።»

አፍ ብቻ! ሁላችንም አለ። ለሀገር ስንል አለ። ሳናውቅ አለ። የናጃህን ስም እንኳ አልጠራም። ከሕዝቡ ጥቂቱ አውፍ ብለናል ማለት ጀመረ። ሃሊማ ግን ደረቷ ላይ ሙቀት ተሰማት፣ ደስታ ነበር። አሁን ገባህልኝ አለች በሆዷ።

ሼህ ዑመይር ወደ ሀቢቡ ተጠጉ። ጨረስክ ወይ አሉት። ጨርሻለሁ አለ። ሌላ የምትለው የለህም አሉት ደግመው፤ የለኝም አለ። ሼሁ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ያኔ ዝም ያሉበትም ዕዳ ሳይከነክናቸው አልቀረም። የእማማ ሀጀራን ኑዛዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገሩት። ልጃቸው ስለ ናጃህ ሞት እውነቱን ከተናገረ ከባላቸው ጎን፣ ካልተናገረ ከወንዙ ማዶ። ምስክሩ እኔ ነኝ፣ አደራ ነው አሉ።

ሀቢቡ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሜጋፎኑን ወደ አፉ አመጣና እውነቱን አፈረጠው። ታምሜ ነበር አለ። ከመርካቶ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ፣ እናቴ ተኛ ስትለኝ እምቢ ብዬ ነው የሄድኩት፣ ሳሌ ከበርበሬው አልነበረም፣ ልጅቷ ንጹሕ ነበረች፣ የሀበሻ በሽታ አይደለም ብዬ ለፍፌ ራሴ ታመምኩ ማለት አፈርኩ አለ። ስሟን ጠራው፣ ናጃህ አለ። እናቴን እዚያ አትውሰዱብኝ ብሎ አለቀሰ። ሰዎች ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ ያኔ ያጨበጨበ ሁሉ የሚያይበት ጠፋው።

ሼህ ዑመይር ወደ አጥሩ አዩ። ፍርዱ የሃሊማ ነበር። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። እጇ ገና ጀናዛው የታጠበበትን ሽቶ፣ ካፉር ካፉር ይሸታል።

እዚህ ላይ ይቅር አለችው ብል ደስ የሚለው ሰው ይኖራል። አላለችውም።

«ሼህ» አለች፣ «ይህ ለመቃብሩ የተነገረ ነው። ለልጄ የተነገረው ቅድም ያለው ነው። እሱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እማማ ሀጀራ ከልጄ ጎን ያርፋሉ።»

ሶላቱ ተሰገደ። ጀናዛው ተነሳ፤ የሰፈሩን መቃብር አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ወደ ድንጋይ ሜዳው ሄደ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሊረግጠው የፈራውን መሬት በጫማው እየረገጠ ተከተለ። ሀቢቡ ከፊት ቃሬዛውን ተሸክሟል። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን ቆመ። ከእሾህና ቁጥቋጦ በቀር ምልክት አይታየውም፤ እሷን እዚህ ያስጣለው ሰው መቃብሯ የቱ እንደሆነ አያውቅም። ተመልሶ ሴቶቹ ከቆሙበት መጣና፣ ሰው ሁሉ እየሰማው ሃሊማን ጠየቃት።

«የትኛዋ ናት?»

ሃሊማ አሳየችው። ከእሾሁ ሥር ሁለት ነጭ ድንጋዮች ነበሩ፣ እሷ ያስቀመጠቻቸው። እሾሁን በእጁ አነሳ፤ ማንም ሊያግዘው አልተንቀሳቀሰም። ሲጨርስ ቀና ብሎ አውፍ በይኝ አላት፣ ቀስ ብሎ።

«በየዒዱ የእናትህን መቃብር ልትዘይር ትመጣለህ» አለችው። «ስትመጣ መጀመሪያ የምታገኘው ናጃህን ነው። እሷን ጠይቃት።»

ጎረምሶቹ መቆፈር ጀመሩ። መሬቱ ደረቅ ነበር፤ አቧራው ተነስቶ ሰዉን ሸፈነው። ሀቢቡ ሳለ። አንዴ ሳለ፣ ደገመ፣ ጎንበስ ብሎ ደረቱን ያዘ። ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ አየው፤ አጠገቡ የቆሙት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሚስቱ ፈትሂያ እንኳ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«አፈሩ ነው» አለ ሀቢቡ።

ማንም አላመነውም። ሃሊማ ያሰጣችው በርበሬ ትዝ አላትና ሳይመሽ ልታነሳ ወደ ቤቷ ሄደች።